መቋሚያና መቋቋሚያ

በቤታችን «አባዬ ጆሯቸው ደክሟል» የሚል ቃል አይነገርም ነበር። ደክሟል፤ እናቴ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ ታናሽ እህቴም ታውቃለች፤ ግን አንዳችንም አፍ አውጥተን አንለውም። ሲጠሯቸው ካልሰሙ «ሐሳብ ይዟቸው ነው» እንላለን። ያልተጠየቁትን ሲመልሱ «ጨዋታ አምሯቸው ነው» እንላለን። እናቴ ከእሳቸው ጋር ስትነጋገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ፊታቸው ትቆምና ከንፈሯን እንዲያዩ ቃሉን ቀስ እያለች ታወጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቀድማ ትመልስላቸዋለች። ጎረቤት «ሴትዮዋ ባሏን አታስወራም» እያለ ያማት ነበር። ትታማ፤ እሷ ምን ገዷት።

ይህ ሁሉ ለማኅሌት ሲባል ነው። አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ከከዳቸው በኋላም አልቀሩም። ፊት ለፊት የቆሙት ካህናት መቋሚያቸውን ሲያነሡ ያነሣሉ፣ ሲያወርዱ ያወርዳሉ፤ የከበሮውን ምት ከድንጋዩ በእግራቸው ይቀበሉታል። ዜማውማ በልባቸው አለ፤ ማን ይወስድባቸዋል። ነገሩ ቢታወቅ ግን ደብሩ በክብር «አባታችን፣ እንግዲህ ይረፉ» ይላቸዋል፤ ካረፉ ደግሞ ቤት ተቀምጠው ይሞታሉ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ነው ገመናቸውን ሸፍና የኖረችው።

እኔ በዚያን ጊዜ ሥራ ፈት ነበርሁ። ቀድሞ ላሊበላ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍና ክፍል አጸዳ ነበር። መጀመሪያ በሽታው መጣና ቱሪስቱ ቀረ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ አሁን ደህና ነው ሲባል ደግሞ ተኩስ ይሰማል፣ መንገድ ይዘጋል። የሆቴሉ ባለቤት «እስኪረጋጋ እቤታችሁ ቆዩ» አለን። እስኪረጋጋ! ይኸው እስካሁን አልተረጋጋም። ሻንጣዬን ይዤ ወላጆቼ ቤት ተመለስሁ። ትልቅ ሴት ሆኖ ከእናት መሶብ ላይ እጅ መስደድ እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል፤ መሶቡ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መሬታችን ድንጋይ ነው፤ ገብሱም ዝናብ ሲያጥር ከመሬት ሳይነሣ ይቀራል። ደብሩ ለአባቴ የሚሰፍርላቸው ድርጎ ለአራት አፍ የሚበቃ አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ትምህርቷ በጦርነቱ ተቋርጦ እዚያው ቀረ። እኩዮቿ ተራ በተራ ወጡ፤ በወልዲያ አድርገው ወደ ዐፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ ዐረብ አገር። አንዳንዷ ደርሳ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት አሠራች። አንዳንዷ ደግሞ ስሟ በቤተሰቧ ፊት አይነሣም። እህቴ ሁለቱንም ዓይነት ታውቃለች። «እዚህ ተቀምጬስ ምን ልሆን ነው፣ እታለም?» ትለኛለች። እዚህ የተቀመጠች ምን እንደምትሆን እኔን ማየት ይበቃት ነበር።

የያዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስፌት። ላሊበላ ገበያ ዳር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ከወልዲያ መንገድ፣ ከቆላው የመጣች ሙስሊም ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ የሰው ልብስ ስታጥብ አውቃታለሁ፤ የሆቴሉን አንሶላ አብረን አጥበናል። ታዲያ አንድ ድርጅት መጣና የልብስ ስፌት መኪና ሰጣት፤ ከመኪናው ጋርም ሥልጠና። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የቄስ ቀሚስ ትሰፋለች፣ ለገና የሚመጣውን ሕዝበ ክርስቲያን ነጠላ ትቀመቅማለች። ልጆቿ ጫማ አድርገው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። «ሰው ሆንሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች ባገኘችኝ ቁጥር። እህቴን ደንበኛ ሲጠፋ መኪናው ላይ እያስቀመጠች ያስተማረቻት እሷ ናት። «ወላሂ፣ የዚች ልጅ እጅ ከእኔ እጅ ይበልጣል። ለሁለታችን የሚበቃ ሥራ በአንድ መኪና አይወጣም እንጂ፣ አልለቃትም ነበር» አለችኝ።

እና እህቴ ቁርጧን ተናገረች። ድርጅቱ ወደ እኛ ቀበሌ ሊመጣ ነው ተብሏል። መኪና ከሰጡን እቀራለሁ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጎን ቦታ ይዤ እሠራለሁ። ካልሰጡን ክረምቱ እንደ ወጣ ከሚሄዱት ጋር እሄዳለሁ። ይህን ያለችው ተቆጥታ አይደለም፤ ገብስ እየለቀመች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ ነው። እናቴ ሰማች። በማግሥቱ ወደ ነአኩቶ ለአብ ወርዳ ጠበል ይዛ መጣችና ያለ ምንም ምክንያት ደጃፉን፣ ግድግዳውን፣ እህቴንም ረጨቻቸው።

ድርጅቱ እውነትም መጣ። ገንዘቡ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው አሉ፤ እኛን ዓይተውን የማያውቁ ሰዎች ከኪሳቸው እየቆረሱ ነው አሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ቀበሌው ሰብስቦን አንድ የደሴ ልጅ፣ ትሑት፣ ፀጉሩን በደንብ የተቆረጠ፣ ጺሙን ያሳደገ ወጣት ተነሥቶ አስረዳን። እህል አናድልም አለ፤ እህል ያልቃል። ራሳችሁን የምትችሉበትን መቋቋሚያ ነው የምንሰጣችሁ አለ። በግ የሚፈልግ በግ፣ ቀፎ የሚፈልግ ቀፎ፣ ችግኝ የሚፈልግ ችግኝ፣ ስፌት የሚፈልግ የስፌት መኪና። ቀጥሎ «ለሰው ዓሣ ከመስጠት ዓሣ ማጥመድ ማስተማር» አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የቱ ባሕር ላይ ነው የምናጠምደው?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ አሁንም ክፉ አልለውም።

ቤት ለቤት እየዞርን የእያንዳንዱን ምርጫ እንቀበላለን፣ እናንተ ጋ ሰኞ ነው የምንመጣው አሉ። እህቴ አባቴን ፊት ለፊት አስቀምጣ አስጠናቻቸው። «አባዬ፣ ሰኞ ይመጣሉ። ምን ትፈልጋላችሁ ሲሉዎ፣ የስፌት መኪና ይበሉ። እሺ?» «እሺ» አሉ አባቴ። እሳቸው ለሁሉም እሺ ይላሉ፤ ያልሰሙት ነገር ሲበዛባቸው የለመዱት መልስ ነው። እኛም ሰኞ እቤት ስለምንሆን አልተጨነቅንም።

የመጡት ቅዳሜ ነው። የድርጅቱ መኪና በዚያ በኩል ማለፊያ ስላገኘ ሁለቱን ቀን አንድ ላይ እንጨርስ ብለው። ቅዳሜ ደግሞ የላሊበላ ገበያ ነው፤ እኔና እህቴ ጌሾ ልንሸጥ ወርደናል። የሆነውን ሁሉ እናቴ ናት የነገረችኝ፤ ያን ዕለት ሳይሆን ቆይታ፣ በየቁርጥራጩ፣ አንዳንዱን እያለቀሰች አንዳንዱን እየሳቀች።

ወጣቱ ብቻውን አልመጣም። የኮሚቴ አባል ተብለው የደብሩ አስተዳዳሪ አብረው አሉ። ገብተው ተቀመጡ። እናቴ እንደ ልማዷ ልትመልስ ስትል ወጣቱ «አይ፣ እናቴ፣ አባወራው ራሳቸው ይናገሩ» አላት። በትሕትና ነው። ወደ አባቴ ዞረና፦

«አባታችን፣ መቋቋሚያ ልንሰጥዎ ነው የመጣነው። ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» አላቸው።

አባቴ ከንፈሩን አዩ። መቋቋሚያ፤ መቋሚያ። አንዲት «ቋ» ናት ልዩነቷ፤ እሷም ጺም ካለው አፍ ስትወጣ ለዓይን አትታይም። ሕይወታቸውን ሙሉ አንዲት መቋሚያ ላይ ተደግፈው ለቆሙ ሰው ደግሞ ሌላ ቃል ከየት ይመጣል? ፊታቸው በራ አለች እናቴ።

«መቋሚያ! እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ማን አስታወሰን እናንተ ካላስታወሳችሁን። ያለችኝማ አርጅታለች። እንግዲህ ወይራ ይሁንልኝ።»

«ወይራ?»

«ወይራ ነው እንጂ። ሌላው እንጨት ምን ይረባል፣ ይሰበራል። ወይራ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ለተማሪዎቼም ብታስቡላቸው አልጠላም፤ ቄጠማ በመሰለ እንጨት ነው የሚቆሙት።»

ወጣቱ አስተዳዳሪውን አያቸው። አስተዳዳሪው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደን አልቋል እያሉ ሁልጊዜ የሚያዝኑ ሰው ናቸው። አባቴ ከበግ፣ ከቀፎና ከመኪና የወይራ ችግኝ የመረጡ መሰላቸው። ወጣቱም መሰለው። ችግኝ ብሎ ጻፈ።

«አፌን ከፍቼ ነበር» ትላለች እናቴ። «'አይ፣ እሳቸው የሚሉት ሌላ ነው' ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንዴት አድርጌ ነው የማርመው? አልሰሙህም ልበለው? በአስተዳዳሪው ፊት? የዚያኑ ቀን ደብር አይገባም? ይህን ሁሉ ጊዜ የደበቅሁትን በአንድ ቃል ላውጣው? ሰኞ ልጆቹን ልኬ በዝምታ አስተካክላለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ።»

ከገበያ ስንመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። «መቋሚያ ሊሰጡኝ ነው፤ የወይራ» አሉን። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ መሰላት። የእናቴን ፊት ስታይ ነው ሳቋ የቆመው።

ሰኞ ማለዳ እኔና እሷ የድርጅቱ ቢሮ ደጅ ላይ ነበርን። ወጣቱ አስገባን፤ ወንበር ሰጠን። መሳሳቱን ስንነግረው ደነገጠ። «ወይራ ነው ያሉኝ እኮ፤ ሌላ እንጨት አይረባም ነው ያሉኝ። እንዲያውም እኔ ቅዳሜ ማታ በስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ለመጪው ትውልድ የሚያስቡ አባት አሉ ብዬ» አለ። ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ ብሎ ሲጠይቀን እኔና እህቴ ተያየን። እውነቱን ለመናገር «አባታችን አይሰሙም» ማለት ነበረብን። እህቴ ናት የመለሰችው። «አባታችን ሐሳብ ይዟቸው ነበር» አለች። ያችን ቃል ስትል አየኋት፤ መኪናዋን በገዛ አፏ ለአባቷ ክብር እየሰጠች እንደሆነ ታውቃለች። ገና ልጅ ናት፤ ግን የእናቴ ልጅ ናት።

ወጣቱ በቅንነት ሞከረ፤ ወጣ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመለሰ። ወደ ላይ ሄዷል፣ ዝርዝሩ ተዘግቷል፣ አሁን አይነካም አለን። «ሁለተኛ ዙር ሲመጣ ግን በቅድሚያ እናንተ ናችሁ፤ ቃሌ ነው» አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እኔ ተናድጄ ሁለት ሦስት የማይገባ ቃል ተናግሬው ወጣሁ። እህቴ ግን አመስግና ነው የወጣችው።

ሐምሌ ላይ ችግኞቹ መጡ። በጥቁር ፕላስቲክ፣ እያንዳንዷ ከእጅ ጣት የማትረዝም። አባቴ ግራ ገባቸው፤ ደጃፍ የተደረደሩትን ዞረው ዞረው አዩና ሳቁ። «እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ መቋሚያ ስጡኝ ብላቸው ከነሥሩ አመጡልኝ። እሱ እስኪደርስ እኔ የት ልደርስ ነው?» አሉ። ቢሆንም ተከሉ። ጎንበስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ እህቴ ጉድጓዱን እየቆፈረችላቸው። ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶችም ሊያዩ መጥተው ፎቶ አነሷቸው። እህቴን «ችግኙን ያዢላቸው» አሏትና አብራ ተነሣች። ያ ፎቶ የትም አገር ይሁን፣ ያየው ሰው «አባትና ልጅ፣ ተስፋ ያላቸው» የሚል ይመስለኛል። የሚያይ ሰው ጥፋት የለበትም። ገንዘቡን የሰጠውም ሰው ጥፋት የለበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ክረምቱን ሁለተኛውን ዙር ስንጠብቅ ከረምን። እህቴ በየቅዳሜው ቢሮው ደጅ ደርሳ ትመለሳለች። መስከረም ላይ ደጁ ተዘግቶ አገኘችው። ዘበኛው «ፈንዱ ቆመ» አላት። ከላይ፣ ከሰጪዎቹ አገር ነው የቆመው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ወጣቱም ወደ ደሴ ተመልሷል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ መኪናዋን እያፈራረቅን እንሥራ አለቻት። እህቴ ግን ሴትዮዋ ለልጆቿ ከምትቆርሰው ልቆርስ አልችልም አለች። ልብስ ሰፊዋም አልገፋፋቻትም። እኔም አልፈርድባትም፤ ቆማ ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ እሷንም ይዘናት እንውደቅ?

ጥቅምት ላይ ሄደች። እናቴ በሶ ፈጭታ፣ ቆሎ ቆልታ፣ በጨርቅ ቋጠረችላት። ለአባቴ ራሷ ናት የነገረቻቸው፤ ፊታቸው ተንበርክካ፣ ቀስ ብላ፣ «ዐረብ አገር ልሄድ ነው» ብላ። ይህን ገባቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከንፈር ላይ አይሳትም።

«ለምን?» አሉ። «ድርጅቱ ረድቶን የለም እንዴ? መቋሚያውን ሰጥተውን የለም እንዴ?»

እኔ ልጮህ ነበር፤ ያችን ቃል በጆሯቸው ውስጥ ልጮህባት። እናቴ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። አባቴ እህቴን ባረኳት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ እሷም ጉልበታቸውን ሳመች። በወልዲያው መኪና ከሌሎች ልጆች ጋር ሄደች። እናቴ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ አላለቀሰችም፤ ቤት ገብታ ሰፌዱን አንሥታ ገብስ መልቀም ስትጀምር ነው የፈነዳችው።

አባቴ ችግኞቹን ያጠጡ ጀመር። ውኃ ሩቅ ነው፤ እጃቸውን ከሚታጠቡበት፣ ድስት ከሚለቀለቅበት እየተረፈ። ፍየል በላው፣ ውርጭ መታው፣ አንዱ ብቻ ቀረ። ጎረቤት «መምህሩ ከልጃቸው ይልቅ ለወይራቸው አዘኑ» ይላል አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሳቸው ይህንንም አልሰሙም።

ከእህቴ ዘንድ የመጣው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሕሩን ተሻግረዋል የሚል፣ አብረዋት ከሄዱት በአንዷ በኩል። ከዚያ ዝም። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኔ ስልክ የጮኸው፤ የማላውቀው፣ ረጅም ቁጥር። አነሣሁ። «እታለም» አለች።

ድምፅዋ የእሷ ነው፤ ግን ከስሎ፣ ቀጥኖ። የት ነሽ ብላት አልመለሰችም። ደህና ነሽ ብላት «ደህና ነኝ» አለች፤ ቶሎ ብላ። የእናቴን ጤና ጠየቀች። የልብስ ሰፊዋን ጠየቀች። «ወይራዎቹ ጸደቁ?» አለችኝ። አንዱ ብቻ አልኋት።

«አባዬን ስጪኝ» አለች።

«አባዬን? አንቺ ታውቂ የለ...»

«አውቃለሁ። ስጪኝ። ድምፁን ውጭ እንዳትለቂው፣ እታለም። አባዬ ይሙት በዪኝ።»

አባዬ ይሙት አልኋት። ምን ላድርግ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁ፤ እህቴ መሆኗን በከንፈሬ ነገርኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

ብዙ ተናገረች። እኔና እናቴ ፊታቸው ቆመን እናያለን። ከስልኩ የሚወጣው ለእኛ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ዝንብ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቃል የለውም። አንዳንዴ ይቆማል፤ ታለቅስ ይመስለኛል፤ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን» ይላሉ። «አሜን፣ ልጄ። አሜን።» እንደ ምርቃት። ያኔ ነው የገባኝ። የማትሰማ ጆሮ ፈልጋ ነው። ለእኔና ለእናቴ ልትነግረን የማትችለውን፣ ነገሩን ተሸክመን እንዳንኖር የፈራችውን፣ ለአንድ ሰው ማውጣት ነበረባት፤ ለሚወዳትና ለማይሰማት ሰው አወጣችው። በዚያ ቤት ያደገች ልጅ ካልሆነች ይህን ዘዴ ማን ያውቀዋል?

ስልኩ ተቋረጠ። አባቴ ዝንቧ ዝም ካለች በኋላም ጥቂት ያዙት።

«ምን አለችዎ?» አለች እናቴ።

«ደህና ነኝ አለች።»

«ሌላስ?»

«ለእናቴ ሰላም በሉልኝ አለች። ሥራ ጥሩ ነው አለች።»

ስልኩን ነጥቄ ደወልሁ። አንድ ወንድ በዐረብኛ ተናገረና ዘጋው። ሁለተኛ ስደውል አይጠራም።

ተመልሼ አባቴ ፊት ተንበረከክሁ፤ እህቴ በተንበረከከችበት ቦታ። እናቴ ልታስቆመኝ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ግን ማንንም አልሰማ። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥሬ እየለቀምሁ ነገርኋቸው። መቋሚያ አይደለም አባዬ። የድርጅቱ ልጅ ያለዎት መቋቋሚያ ነው። ልጅዎ የምትሰፋበት መኪና ነበር። ወይራ ሲሉ ያ ሄደ። እሷም ሄደች። አሁን የነገረችዎትን ይንገሩኝ፤ ምን ሆናለች? ማን ምን አደረጋት?

አባቴ ከንፈሬን እስከ መጨረሻው አዩት። ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ። እናቴን አዩ፤ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«አልሰማሁም» አሉ።

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ምንም አልሰማሁም ልጄ። ድምፅዋ ጆሮዬን ሲያሞቀው ነው የተሰማኝ። ያለችውን አልሰማሁም።»

በሚቀጥለው እሑድ ማኅሌት አልቆሙም። ሄደው አስተዳዳሪውን አስጠርተው ራሳቸው ነገሯቸው፤ አልሰማም፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አልሰማም ብለው። እንዳልሁት በክብር «ይረፉ» አሏቸው። ተመልሰው ወደ ጓሮ ዞሩ። ንፋስ ያጎበጠችው ወይራ አጠገብ መቋሚያቸውን መሬት ውስጥ ተከሉና ግንዷን ከእሱ ጋር በጨርቅ አሰሯት። እናቴ ደንግጣ «ምን ነካዎ፣ መቋሚያውን?» አለች።

«ለችግኟ መቋቋሚያ ነው» አሉ፤ ቃሉን አጥብቀው፣ ሁለቱን «ቋ» ለይተው። «ሰዎቹ ያሉት እንዲህ አይደል?»

አሁን ስልኩን እኔ ነኝ የምይዘው። ለገበያ ስወርድ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ከጡቴ ሥር ነው። ከደወለች ከአባቴ ጋር አላገናኛትም፤ እኔ ነኝ የምሰማት፣ የመጣው ይምጣ። እስካሁን አልደወለችም።